በመደርደሪያው ላይ ያለችው ትንሿ አውሮፕላን



ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ ስንቀዳ፣ አንዲት እኅታችን ወደ ጥግ ጠራችንና ከቦርሳዋ የታጠፈ ሶፍት አወጣች። ሶፍቱን ስትገልጠው ከክብሪት እንጨት ግማሽ የማትበልጥ፣ ጫፏ የቀጠነ ግራጫ ፕላስቲክ ታየች። «ይህችን የት ሄጄ ልግዛ?» አለችን። ምን እንደሆነች ብንጠይቃት «የአውሮፕላኗ ናት፤ ሰብሬያት ነው» ብላ አንገቷን ደፋች።

የምትሠራበት ቤት የማዳሟ አባት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። እሷ ባባ ትላቸዋለች። በመኝታ ክፍላቸው ባለ መደርደሪያ ላይ በገዛ እጃቸው የገጣጠሟቸው ከሃያ የሚበልጡ ትንንሽ አውሮፕላኖች ተደርድረዋል። እኅታችን አቧራ ስትወለውል የሹራቧ እጅጌ አንዷን ያዘና ከጀርባዋ ላይ የቆመችው ቀጭን ዘንግ ተሰበረች። ማንም አላያትም። ስባሪዋን ደበቀች፣ አውሮፕላኗንም ጀርባዋ እንዳይታይ አዙራ አስቀመጠቻት። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ባባ ወደ ክፍላቸው በገቡ ቁጥር ልቧ ይመታ እንደነበር ነገረችን። ቀድሞ በሠራችበት ቤት አንድ የአበባ ማስቀመጫ ስለሰበረች የአንድ ወር ደመወዟ ተቆርጦባታል። በስልክ ያማከረቻት ጓደኛዋ ደግሞ «እንደዚያ ዓይነቱ ዕቃ ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ አለቀልሽ» ብላ ይባስ አስፈራራቻት።

በስልኳ ያነሣችውን ፎቶ አየነው። አመድማ ቀለም ያላት፣ አፍንጫዋ ጥቁር፣ በክንፎቿ ላይ ትልቅ ቀይ ክብ ያለባት አውሮፕላን ናት። ካርቶኗ ላይ «ዜሮ» የሚል ቃል እንደተጻፈም ነገረችን። ይህን ስንነጋገር የሰሙ ሌሎች እኅቶች ደግሞ «እኛም ቤት አለ» አሉ፤ አንዷ ጋ መርከብ፣ አንዷ ጋ ታንክ፣ አንዷ ጋ የማዳሟ ትልቁ ልጅ ያልጨረሳቸው ሣጥኖች። በየሳምንቱ አቧራውን የምታራግፉት እናንተ ሆናችሁ ሳለ ምንነቱን የሚነግራችሁ ሰው አለመኖሩ አሳዘነን። ስለዚህ አንብበንና ጠይቀን ያገኘነውን እነሆ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በመጀመሪያ ነገሩ መጫወቻ አይደለም። ከሱቅ ሲገዛ አውሮፕላን ሆኖ አይመጣም፤ በሣጥን ውስጥ እንደ መስኮት ፍርግርግ ያሉ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ናቸው የሚገኙት። ክንፉ፣ ጎማው፣ ወንበሩ፣ ሞተሩ፣ ሁሉም ቁጥር ተሰጥቶት በፍርግርጉ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥሏል። ቁራጮቹ መቶ ሊደርሱ፣ ከዚያም ሊበልጡ ይችላሉ። ሠሪው አንድ በአንድ በመቁረጫ ያነሣቸዋል፣ የተቆረጠበትን ጠባሳ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ በወረንጦ ይዞ ያጣብቃል፣ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። ቀይ ክቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀባ አይደለም። በወረቀት ላይ የታተመ ስስ ምልክት ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲነከር ከወረቀቱ ይለቅና በክንፉ ላይ ይለጠፋል። አንዷን አውሮፕላን ለመጨረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

በሣጥኑ ላይ 1/48 ወይም 1/72 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 1/48 ማለት የእውነተኛው አውሮፕላን 48 ሴንቲ ሜትር በትንሿ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ሆኗል ማለት ነው። እውነተኛው ዜሮ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12 ሜትር ስለነበር ትንሿ 25 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። አብራሪው ቢቀመጥባት ቁመቱ ከትንሿ ጣታችሁ ያንሳል። ዋጋውን በተመለከተ የጓደኛዋ ማስፈራሪያ ልክ አልነበረም። በዚህ መጠን የሚሸጥ ተራ ሣጥን በአብዛኛው ከመቶ ዶላር በታች ነው። ለሠሪው የሚከብደው የሣጥኑ ዋጋ ሳይሆን በላዩ ላይ ያጠፋው ሌሊት ነው።

እውነተኛው ዜሮ የጃፓን ባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን ነበር፤ በባሕር መካከል ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ተነሥቶ እዚያው የሚያርፍ። እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን የዘመን አቆጣጠር እንዳለን ሁሉ ጃፓኖችም በዚያን ጊዜ ከመጀመሪያው ንጉሣቸው የሚቆጠር ዘመን ነበራቸውና 1940 ለእነርሱ 2600 ነበር። አውሮፕላኑ በዚያ ዓመት ለባሕር ኃይሉ አገልግሎት ተቀባይነት ስላገኘ በመጨረሻው ዜሮ ተሰየመ።

ባሕር ኃይሉ በ1937 ያቀረበው ጥያቄ አስቸጋሪ ነበር። ፈጣን ይሁን፣ ሩቅ ይብረር፣ በአየር ላይ እንደ ወፍ ይታጠፍ፣ ከባድ መሣሪያም ይሸከም የሚል ነው። ናካጂማ የተባለው ድርጅት ይህ አይቻልም ብሎ ከውድድሩ ወጣ። ሚትሱቢሺ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጂሮ ሆሪኮሺ ግን ሥራውን ያዘው፤ ያኔ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። የነበረው ሞተር ኃይሉ ከአንድ ሺህ የፈረስ ጉልበት ያነሰ ስለሆነ የቀረለት መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ክብደት መቀነስ። አዲስ የተገኘ ቀላልና ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ተጠቀመ። ብረት በወፈረበት ሁሉ አሳሳው፣ መብሳት በሚቻልበት ሁሉ በሳው። የአብራሪው ወንበር ሳይቀር እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። እኅታችን «ወንበሯ ቀዳዳ ቀዳዳ ናት፤ የተበላሸች መስሎኝ ነበር» ያለችን ይህን ነው። ያልተበላሸ ነው፤ ባባ በጥንቃቄ የሠሩት ነው።

በዚህ መንገድ ባዶ ክብደቱ ወደ 1,700 ኪሎ ብቻ የሆነ አውሮፕላን ተገኘ። ተጨማሪ የነዳጅ በርሜል ከሆዱ ሥር ሲያንጠለጥል ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር።

አሁን የምንነግራችሁ ነገር እኛን ከሁሉ ይበልጥ አስገርሞናል። የናጎያው ፋብሪካ የራሱ የማኮብኮቢያ ሜዳ አልነበረውም። ቅርቡ የበረራ ሜዳ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። መንገዱ ጎርበጥባጣ ስለሆነ አውሮፕላኑን በመኪና ቢጭኑት መናወጡ ይጎዳዋል። ስለዚህ በዓለም ላይ ከሁሉ የተሻለ የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ፈትተው በጋሪ ጫኑትና በበሬ አስጎተቱት! የመጀመሪያው ዜሮ በመጋቢት 1939 በዚህ ሁኔታ ተጓዘ፤ በሚያዝያ 1 ቀንም ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ከዚያ በኋላም የተሠሩት ብዙዎቹ በበሬ ጋሪ ነው ወደ ሜዳው የደረሱት። የበሬን እርምጃ የምናውቅ የገበሬ ልጆች ይህን ስናነብ ሳንስቅ አልቀረንም። ለካ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ሲኖር በሬ ከመኪና ይበልጣል።

ወደ ክብደቱ እንመለስና፣ ያን ሁሉ ለመቀነስ ሲባል ምን ቀረ? የቀረው አብራሪውን የሚከላከለው ነገር ነው። ከጀርባው ጥይት የሚመክት ብረት አልተደረገለትም። የነዳጁ ታንከርም ጥይት ሲበሳው ራሱን እንዲደፍን የሚያደርገው የጎማ ሽፋን አልነበረውም። ቢመታ ይቀጣጠላል። መጀመሪያ ላይ ይህ አልታያቸውም፤ የሚመታው አልነበረምና። በ1940 በቻይና ሰማይ፣ በታኅሣሥ 1941 በፐርል ሀርበር፣ ከዚያም በእስያና በፓስፊክ የገጠሙትን አውሮፕላኖች በየቦታው ያሸንፍ ነበር።

በሰኔ 1942 በአላስካ ደሴቶች አንዱ በሆነው በአኩታን ላይ አንድ ዜሮ ተመትቶ ዘይት ስለፈሰሰው ለማረፍ ሞከረ። ከላይ ሣር የመሰለው መሬት ረግረግ ነበር፤ ጎማዎቹ ሲነክሩ አውሮፕላኑ ተገለበጠና አብራሪው ታዳዮሺ ኮጋ ሕይወቱ አለፈ። አውሮፕላኑ ግን ብዙም አልተጎዳም። አሜሪካውያን ከአንድ ወር በኋላ አገኙት፣ ወስደው ጠገኑት፣ አበረሩትም። ድካሙን ሁሉ አወቁ፤ በፍጥነት ቁልቁል ሲወርድ ለመዞር እንደሚቸገርም ተረዱ። በ1943 ሄልካት የተባለው የአሜሪካ ተዋጊ መጣ። ባዶ ክብደቱ ከ4,000 ኪሎ በላይ፣ የሞተሩ ኃይል ሁለት እጥፍ ነበር። ከክብደቱም አንዱ ክፍል አብራሪውን የሚጠብቅ ብረት ነው።

የጃፓን ልምድ ያላቸው አብራሪዎች አለቁ። በእነርሱ ፋንታ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሠለጠኑ ልጆች ተቀመጡ። ፋብሪካዎቹም ሠራተኛ ስላጡ የትምህርት ቤት ልጆችን፣ ሴቶች ተማሪዎችን ጭምር ወደ አውሮፕላን ሥራ አስገቧቸው። ከጥቅምት 1944 ጀምሮ ደግሞ ከዜሮው ሥር 250 ኪሎ ቦምብ አስረው አብራሪውን ከነአውሮፕላኑ በጠላት መርከብ ላይ እንዲወድቅ መላክ ጀመሩ። እንዲህ የሞቱት አብራሪዎች ከሦስት ሺህ በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበሩ፣ ከዚያም ያነሱ ነበሩ። ስለ ዜሮ ውበት የሚጻፈውን ብዙ አንብበናል፤ ውበቱንም አንክድም። ነገር ግን ያን የተበሳሳ ወንበር ባየን ቁጥር በላዩ የተቀመጠው የማን ልጅ ነበር ብለን ሳንጠይቅ አላለፍንም። ያ ሁሉ ብልሃት ሲቆጠር ሲመዘን፣ መጨረሻ ላይ ቀለል ተደርጎ የታየው ሰውዬው ነው። ይህን በእንግዳ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩት ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገንም።

ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ አሸናፊዎቹ ጃፓን አውሮፕላን እንዳትሠራ ከለከሏት፤ ክልከላው እስከ 1952 ቆየ። ሺዙኦካ በምትባለው የእንጨት ሥራ በታወቀችው ከተማ ደግሞ በ1946 ታሚያ የተባለ የእንጨት መሰንጠቂያ ተቋቋመ። በ1951 መጋዘኑ ተቃጠለበትና ከግንባታ እንጨት ይልቅ በእንጨት የሚገጣጠሙ ትንንሽ መርከቦችንና መኪናዎችን ወደ መሥራት ዞረ። በ1960 የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሣጥን፣ ያማቶ የተባለውን የጦር መርከብ አወጣ። ዛሬ በሁለት ኮከብ ምልክቱ የሚታወቀው ታሚያም ሆነ ሃሴጋዋ የተባለው ሌላው ድርጅት ያሉት በዚያው አካባቢ ነው፤ ዜሮን ሁለቱም በተለያየ መጠን ሠርተውታል። ምናልባት እናንተ የምታራግፉት ሣጥን ላይም ስማቸው ይገኝ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ተሰበረችው ዘንግ። እርሷ የሬዲዮው አንቴና ተሸካሚ ናት። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከእንጨት የተሠራች ነበረች። የዜሮ ሬዲዮ ድምፁ በጩኸት የተሞላ ስለነበር ከየብስ የሚነሡ ብዙ አብራሪዎች ሬዲዮውን አውጥተው ጣሉት፤ ከዚያም ክብደት ለመቀነስ ይህችኑ ዘንግ በመጋዝ ቆረጧት። ይህን ለእኅታችን በስልክ ስንነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ታዲያ ለባባ እንዲህ ብዬ ልንገራቸው?» አለች። ይህ እንኳ ይቅር አልናት።

የመከርናት ግን ይህን ነው። ስባሪዋን እንዳትጥይ፤ ራስሽም እንዳታጣብቂያት። በየሱቁ የሚሸጠው ሱፐር ግሉ ከሱ የሚወጣው ጢስ የአብራሪውን ክፍል መስታወት እንደ ጉም ነጭ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ በትንሹ ጉዳት ላይ ትልቁ ይጨመራል። ሣጥኑን ከሱቅ ገዝተሽ በድብቅ ልትተኪ ብታስቢም ቀለሙን የቀቡት እሳቸው ስለሆኑ በአንድ እይታ ያውቁታል። ሌላ ሰው ሳያገኘው አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው። ከፈራሽ እኛ በስልክ እንገኛለን።

ሌሎቻችሁም እንዲህ ያለ ነገር ካለበት ክፍል ስትገቡ ጥቂት ነገር አስቡ። በእርጥብ ጨርቅ አትወልውሉ፤ ጨርቅ ቀጫጭኑን ሁሉ ይይዛል፣ ውሃውም ምልክቶቹን ሊያነሣ ይችላል። የመስታወት ማጽጃ አትርጩ። ጥሩው መሣሪያ ለፊት ዱቄት የሚሆን ለስላሳና ንጹሕ ብሩሽ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫኑ። ሰፊ እጅጌ ካላችሁ ሰብስቡት። ማንሣት ግድ ከሆነ ሆዷን በሁለት እጅ ያዙ እንጂ ክንፍ፣ ጎማ ወይም ጅራት አትያዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ «ይህን እኔ ላጽዳ ወይስ እርስዎ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙ ሠሪዎች ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም፤ ጥያቄያችሁ ያስደስታቸዋል፣ እናንተንም ከጭንቀት ያድናል።

ሥራው በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ቆሻሻ የሚመስለው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ከወለል ላይ የምታገኙትን የፕላስቲክ ቅንጣት ሁሉ በአንዲት ሲኒ ውስጥ አጠራቅሙ። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ይህ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ሕፃን ያገኘውን ወደ አፉ ይከታልና። የጠረጴዛውን ቆሻሻ በባዶ እጅ አትጨብጡ፤ በውስጡ የተሰበረ ስለት ሊኖር ይችላል። ስለት ስትጥሉ በወፍራም ወረቀት ጠቅልላችሁ ይሁን። ማጣበቂያውና ቀለሙ የሚቀጥንበት ፈሳሽ ሽታው ራስ ያማል፣ እሳትም ይይዛል። እዚያ ክፍል ስትሠሩ መስኮት ክፈቱ። ክዳኑ የተከፈተ ጠርሙስ ብታገኙ ክደኑት፤ በምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ፣ ወደ መታጠቢያም አትድፉት። ራሳችሁን ካዞራችሁ ወጥታችሁ አየር ተቀበሉ፤ ለማዳማችሁም ንገሩ።

እኅታችን ማክሰኞ ጠዋት ቡና ስታቀርብላቸው ሶፍቱን ከሲኒው አጠገብ አኖረችውና ነገረቻቸው። ባባ ስባሪዋን በመብራት አዩአት። ምንም አልተናገሩም። ረቡዕም ዝም፣ ሐሙስም ዝም። በእነዚህ ሁለት ቀናት ሦስት ጊዜ ደውላልናለች፤ እኛም የምንላት አጥተን አብረናት ተጨንቀናል። ዓርብ ማታ ጠሯትና የጠረጴዛውን መብራት አስያዟት። በወረንጦ ዘንጓን ያዙ፣ በብሩሽ ጫፍ ጠብታ ማጣበቂያ ነኩ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሁለት ጊዜ ወደቀችባቸው። በሦስተኛው ያዘች። ከደመወዟም አልተቆረጠባትም።

ሁሉም ቤት እንዲህ ነው ብለን አንዋሻችሁም። መርከብ ካለበት ቤት የምትሠራው እኅት በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት እውነቱን ተናገረች፤ የወሩ ደመወዟ ግን ተቀንሶ ተሰጣት። ጉዳይዋን ከእሷ ጋር ይዘነዋል፤ ገና አላለቀም። እናንተም እንዲህ ሲደርስባችሁ ቀኑን፣ የተሰበረውን ዕቃና የተቆረጠውን ገንዘብ ጽፋችሁ ያዙ፣ ፎቶ ማንሣት ከቻላችሁም አንሡ፣ ከዚያም እሑድ ስትመጡ ወይም በስልክ ንገሩን። ብቻችሁን ሦስት ሳምንት አትሸከሙት።

የባባ ዜሮ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች፤ ፊቷንም ወደ ክፍሉ አዙራለች። እኅታችን እንደምትለን አንቴናዋ እስካሁን ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች።